ጭንቅላቱ እስኪወጣ ድረስ፦ የአይሁድ ሕግ ስለ ፅንስ ማቋረጥ የሚከራከረው ምኑ ላይ ነው?

እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2022፣ አርብ ዕለት፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጸንቶ የቆየውን ፅንስ የማቋረጥ ሕገ መንግሥታዊ መብት ሻረ። ቅዳሜና እሑድ አልፈው ሰኞ ሲሆን፣ በኢየሩሳሌም የእስራኤል ፓርላማ ኮሚቴ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄድ ደንብ አጸደቀ። በጤና ሚኒስትሩ በኒትሳን ሆሮዊትዝ የቀረበው ይህ ደንብ ሴቶች ማመልከቻቸውን በኮምፒውተር እንዲያስገቡ፣ በአካል ቀርበው እንዲጠየቁ የሚያስገድደው አሠራር እንዲቀር፣ በመድኃኒት የሚደረገው ማቋረጥም ኩፓት ሆሊም የሚባሉት የጤና መድን ድርጅቶች በየሰፈሩ ባሏቸው ክሊኒኮች እንዲሰጥ የሚፈቅድ ነበር። ሁለቱን ዜናዎች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ኦሪትን የተቀበለ ሕዝብ፣ «አትግደል» የሚለው ትእዛዝ አስቀድሞ የተሰጠው ሕዝብ፣ በዚህ ጉዳይ ከአሜሪካ ወግ አጥባቂ ክርስቲያኖች የላላ አቋም እንዴት ሊይዝ ቻለ? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግራ መጋባቱ ከሁለት ምንጭ ይቀዳል። አንደኛው የእስራኤልን መንግሥት ሕግ ከአይሁድ ሃይማኖት ሕግ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። ሁለተኛውና ሥር የሰደደው፣ አሜሪካኖች የሚከራከሩበትን የ«ፅንሱ መብት» እና የ«ሴቷ መብት» ቋንቋ እንዳለ አንሥቶ ለሌላ ሃይማኖት ማልበስ ነው። ሃላካ የሚባለው የአይሁድ ሃይማኖታዊ ሕግ በዚህ ጉዳይ ስለ መብት እምብዛም አይናገርም። የሚናገረው ስለ ግዴታ፣ ስለ ክልከላና ስለ አደጋ ነው። ጥያቄውም በአብዛኛው የሚነሣው ከአንዲት ሴት ጭንቅ እንጂ «ሕይወት መቼ ይጀምራል?» ከሚል ፍልስፍና አይደለም።

አንድ ጥቅስ በሁለት ንባብ

ነገሩ የሚጀምረው ከኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ነው። ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ አንዲት ነፍሰ ጡር ይመታሉ፤ ፅንሷም ይወርዳል። ዕብራይስጡ ቀጥሎ፣ «አሶን» ማለትም ብርቱ ጉዳት ካልደረሰ መቺው ባልየው የሚጠይቀውን ካሳ ይክፈል፣ አሶን ከደረሰ ግን ነፍስ በነፍስ ይሁን ይላል። የአይሁድ ሊቃውንት አሶን የሚለውን ቃል በእናትየው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሰጡት። በዚህ ንባብ ፅንሱን ማስወረድ ካሳ የሚያስከፍል በደል ነው፤ የነፍስ ግድያ ግን አይደለም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ምዕተ ዓመት ገደማ በእስክንድርያ ኦሪትን ወደ ግሪክኛ የመለሱት ሊቃውንት ግን ይህንኑ ስፍራ በሌላ መንገድ ተረጎሙት። ሰብዓ ሊቃናት በሚባለው በዚህ ትርጉም ፍርዱን የሚለየው የእናትየው መጎዳት አይደለም፤ የወረደው ፅንስ መልኩ ተፈጽሞለታል ወይስ አልተፈጸመለትም የሚለው ነው። ካልተፈጸመለት ካሳ፣ ከተፈጸመለት ነፍስ በነፍስ። የቀደመችው ቤተ ክርስቲያን የወረሰችው ይህን ንባብ ነው፤ የግዕዙ ኦሪትም በመሠረቱ ከሰብዓ ሊቃናት የተመለሰ በመሆኑ የዚሁ ዘር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የእስክንድርያዎቹ ተርጓሚዎችም አይሁድ ነበሩ። ስለዚህ «የጠበቀው ንባብ የክርስቲያን፣ የላላው የአይሁድ» የሚለው አከፋፈል ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። ቤተ እስራኤላውያንን ስናስብ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠላለፋል። በጎንደርና በአካባቢው መንደሮች ቀሶቻቸው ያነበቡላቸው ኦሪት የግዕዙ ነው፤ ሚሽናና ታልሙድ የሚባሉት የረቢዎች መጻሕፍት በእጃቸው አልነበሩም። ዛሬ በእስራኤል ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አይሁድ ይኖራሉ። ከእነርሱ መካከል አዛውንቶቹ ያደጉበት ኦሪትና የልጅ ልጆቻቸው በሃይማኖት ትምህርት ቤት የሚማሩት ሃላካ በዚህ ጥቅስ ላይ ከአንድ ምንጭ አይቀዱም።

ከምጥ የተነሣ ድንጋጌ

ረቢዎቹ ለዚህ ጉዳይ መሠረት ያደረጉት ቃል የሚገኘው፣ በ200 ዓ.ም. አካባቢ በተሰበሰበው የሕግ መጽሐፍ በሚሽና ውስጥ ነው። ቦታው ያስገርማል። ኦሆሎት የሚባለው ክፍል ስለ ሬሳ ርኩሰት የሚያትት፣ አንድ ጣራ ሥር ሬሳ ቢኖር የትኛው ዕቃ ይረክሳል እያለ የሚዘረዝር ደረቅ ሕግ ነው። በዚያ መሃል ድንገት ምጥ የጠናባት ሴት ትመጣለች። ፅንሱን በማኅፀኗ ውስጥ ቆራርጠው ብልት በብልት ያወጡታል ይላል ድንጋጌው፤ ምክንያቱም ሕይወቷ ከሕይወቱ ይቀድማል። አብዛኛው አካሉ ከወጣ በኋላ ግን አይነካም፤ አንዱን ነፍስ ስለ ሌላው ነፍስ ብሎ መግፋት አይገባምና። ታልሙድ ይህንኑ ሲጠቅስ ወሰኑን የጭንቅላቱ መውጣት ያደርገዋል።

አገላለጹ ይዘገንናል፤ ይሁንና የአዋላጅ እጅ ያየውን የሚናገር ነው። ሆድ ቀዶ ማዋለድ እናትየውን በማያተርፍበት ዘመን ልጁ ተሰንቅሮ ከቀረ ሁለቱም ይሞታሉ፤ ምርጫው አንዷን ማዳን ወይም ሁለቱንም መቅበር ነበር። ክርክሩ የሚነሣው ከምክንያቱ ነው፦ ለምንድን ነው ሕይወቷ የሚቀድመው?

በአሥራ አንደኛው ምዕተ ዓመት የኖረው የፈረንሳይ ሊቅ ራሺ መልሱን በአጭሩ ሰጠ። ወደ ዓለም አየር እስካልወጣ ድረስ «ኔፌሽ» አይደለም አለ። ኔፌሽ የእኛው «ነፍስ» ነው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ቃሉን ይጋሩታል። በአማርኛ እርጉዝን ነፍሰ ጡር፣ ነፍስ የተሸከመች እንደ ማለት፣ የሚል ሰው የራሺን ዓረፍተ ነገር ሲሰማ ጆሮው ላይ ሊከብደው ይችላል። ራሺ ግን ፅንሱ ከንቱ ነው አላለም። ሕጉ ከተወለደ ሰው ጋር እኩል አይመዝነውም ማለቱ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ምዕተ ዓመት በግብፅ የጻፈው ሐኪምና ፈላስፋ ማይሞኒደስ ደግሞ ሌላ ምክንያት አቀረበ። ፅንሱ የሚወጣው «ሮዴፍ» ስለሚመስል ነው አለ። ሮዴፍ ማለት አሳዳጅ ነው፤ ሰይፍ መዝዞ ሰውን ሊገድል የሚሮጥ፣ ሌላ ማስቆሚያ ከጠፋም ተገድሎ የሚቆም። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ፅንሱ ነፍስ ካልሆነ አሳዳጅ ነው ብሎ ማመካኘት ለምን አስፈለገ? አሳዳጅ ከሆነስ ጭንቅላቱ ሲወጣ አሳዳጅነቱ ለምን ይቆማል? ታልሙድ ለሁለተኛው ጥያቄ «የሚያሳድዷት ከሰማይ ነው» የሚል መልስ አለው፤ የመጀመሪያው ግን ከማይሞኒደስ በኋላ የመጡትን ሊቃውንት ሲያወዛግብ ኖሯል።

ውዝግቡ የመጻሕፍት ቤት ጨዋታ አይደለም። የራሺን መንገድ የያዘ ረቢ የፅንሱ ደረጃ ከእናትየው ያነሰ ነው ብሎ ስለሚነሣ፣ ከሞት በመለስ ላለ ሕመምና ሥቃይም በር ሊከፍት ይችላል። የማይሞኒደስን የያዘ ግን በሩን የሚከፍተው ፅንሱ በእርግጥ «ሲያሳድድ»፣ የእናትየው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ሁሉ ከሞላ ጎደል ከዚህ መንታ መንገድ የሚነሣ ነው።

ሌላም ወሰን አለ። ታልሙድ እስከ 40 ቀን ያለውን ፅንስ «እንዲያው ውኃ» ይለዋል፤ ስለዚህ በጣም ጥብቅ ያልሆኑ ረቢዎች በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሚቀርብ ጥያቄ ቀለል ያለ መልስ ይሰጣሉ። ቀኑ የሚቆጠረው ከፅንሰት ነው። ሐኪሞች የሚቆጥሩት ግን ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ስለሆነ፣ የታልሙዱ 40 ቀን በሐኪም ካርድ ላይ ወደ ስምንተኛው ሳምንት መዳረሻ ይወድቃል።

አደጋ ሲባል እስከ ምን ድረስ?

ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ። የእናትየው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ እርግዝናውን ማቋረጥ የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው። በጣም ጥብቅ ከሚባሉት ረቢዎች አንዱም ይህን አይክድም፤ ራሷን ልታጠፋ የምትችልበት ከባድ የአእምሮ ሕመምም በብዙዎቹ ዘንድ የሕይወት አደጋ ተደርጎ ይቆጠራል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ያለ ምንም ከባድ ምክንያት ማስወረድን የሚፈቅድ የሃላካ ባለሥልጣን ማግኘት ያስቸግራል። «አይሁድነት ፅንስ ማቋረጥን ይፈቅዳል» እና «ይከለክላል» የሚሉት ሁለቱ መፈክሮች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ክርክሩ ያለው መሃል ላይ፣ ሞት በሌለበትና ሥቃይ ባለበት ሰፊ ሜዳ ላይ ነው።

በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት የጀርመኑ ረቢ ያዕቆብ ኤምደን ለ«ብርቱ ሥቃይ» ሲባል፣ የሞት አደጋ ባይኖርም፣ መፍቀድ እንደሚቻል ጻፈ። በሃያኛው ምዕተ ዓመት የእስራኤል የሰፋርድ፣ ማለትም ዘራቸው ከስፔን የሚመዘዝ አይሁድ፣ ዋና ረቢ የነበሩት ቤን ጽዮን ኡዚኤል አንድ ለየት ያለ ጥያቄ ቀረበላቸው፦ እርግዝናው ከቀጠለ ሁለቱም ጆሮዎቿ ሊደነቁሩ እንደሚችሉ ሐኪሞች የነገሯት ሴት ምን ታድርግ? ፈቀዱላት። ጆሮ ነፍስ አይደለም፤ ግን በእርሳቸው ሚዛን በቂ ምክንያት ነበር። እንዲህ ያለው ብይን የመጣው ከአጠቃላይ መርሕ ብቻ አይደለም፤ የቀረበችውን ሴት ሁኔታ ከማየት ጭምር ነው።

ከሁሉም የከበደው ጥያቄ በ1942 በሊትዌኒያ በኮቭኖ ጌቶ፣ አይሁድ ተለይተው በታጎሩበት ሰፈር ውስጥ፣ የተነሣው ሳይሆን አይቀርም። ናዚዎች አርግዛ የተገኘች አይሁዳዊት ትገደላለች ብለው አዋጅ አወጡ። ረቢ ኤፍራይም ኦሽሪ ተጠየቁና ማስወረድ ይቻላል ብለው በየኑ፤ ያለዚያ እናትና ፅንስ አብረው የሚጠፉ ነበሩና። ይህ ብይን ዛሬም የሚጠቀሰው ለዘብተኛነትን ለማሳየት አይደለም። ሮዴፍ የሚለው ሐሳብ አሳዳጁ ፅንሱ ሳይሆን ከውጭ የመጣ ገዳይ ሲሆን ምን ያህል እንደሚጨነቅ የሚያሳይ ነው።

ሁለት ረቢዎችና አንድ በሽታ

የዘመናችን ትልቁ ክርክር የተነሣው ከአልትራሳውንድና ከዘር ምርመራ መስፋፋት በኋላ ነው። ቴይ ሳክስ የሚባለው በዘር የሚተላለፍ በሽታ ከምሥራቅ አውሮፓ በመጡት በአሽከናዝ አይሁድ ዘንድ ጎልቶ ይታያል፤ ከ30 ሰው አንዱ ገደማ የበሽታውን ዘር ይሸከማል። ሁለት ተሸካሚዎች ከተጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ሕፃኑ ጤነኛ መስሎ ይወለዳል። ጥቂት ወራት ቆይቶ የተማረውን መርሳት ይጀምራል፤ ይዞት የነበረው አንገቱ ይዝላል፣ ዓይኑ ይጠፋል፣ በአብዛኛው አራት ወይም አምስት ዓመት ሳይሞላው ያርፋል። መድኃኒት የለውም። በማኅፀን ውሃ ምርመራ ማወቅ ሲቻል ግን ውጤቱ የሚደርሰው እርግዝናው ከገፋ በኋላ ነበር።

የኢየሩሳሌሙ የሻዓሬ ጼዴቅ ሆስፒታል ረቢ የነበሩት ኤልዔዘር ዋልደንበርግ በ1970ዎቹ አጋማሽ እንዲህ ያለውን እርግዝና እስከ ሰባተኛው ወር ድረስ ማቋረጥ ይቻላል ብለው ጻፉ። ምክንያታቸው የኤምደን ነበር፤ ልጇ ቀስ በቀስ ሲሞት ማየት ለእናት «ብርቱ ሥቃይ» ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በኒውዮርክ የነበሩትና ሃላካን አጥብቆ በሚይዘው በኦርቶዶክስ አይሁድ ዓለም ከማንም በላይ ይሰሙ የነበሩት ረቢ ሞሼ ፋይንስታይን በ1976 በብርቱ ቃል ተቃወሟቸው። ፅንስን መግደል ነፍስ መግደል ነው፤ የእናት ሞት እስካልተቃረበ ድረስ ለቴይ ሳክስም ቢሆን አይፈቀድም አሉ። የፋይንስታይን አካሄድ ራሱ ትኩረት ይስባል። ለፈቃድ የሚጠቀስ አንድ የመካከለኛው ዘመን ጽሑፍ «የተፈቀደ» የሚለው የጸሐፊ ስሕተት ነው፣ መነበብ ያለበት «ከቅጣት ነፃ» ተብሎ ነው አሉ። ዋልደንበርግ በድጋሚ መልስ ጽፈው ንባቡ ትክክል ነው ብለው ተከራከሩ። አንድ ቃል ላይ የተደረገ የቅጂ ጠብ ይመስላል፤ ሆስፒታል ውስጥ ውጤቱን ይዘው የተቀመጡ ባልና ሚስት ግን መልሱን የሚያገኙት ከዚያ ቃል ነው።

የጥብቁ ወገን ማኅበረሰብ ይህን ጥያቄ የመለሰው በሌላ በር ገብቶ ነው። አራት ልጆቻቸውን በቴይ ሳክስ ያጡት ረቢ ዮሴፍ ኤክስታይን በ1983 ዶር የሾሪም የሚባል ድርጅት በኒውዮርክ አቋቋሙ። ወጣቶች ደም ይሰጣሉ፤ በስማቸው ፋንታ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ውጤታቸው ለራሳቸውም አይነገራቸውም። ጋብቻ ሲታሰብ ሁለቱ ወገኖች ደውለው ቁጥሮቹን ያቀርባሉ፤ የሚሰሙት መልስ ጥንዶቹ ይስማማሉ ወይም አይስማሙም የሚል ብቻ ነው። ተሸካሚ መሆኑ ስለማይታወቅ ማንም አይገለልም፤ ማስወረድ የሚጠይቅ እርግዝናም አስቀድሞ አይፈጠርም። የፋይንስታይንን ብይን ሳይነኩ ችግሩን ማክሸፍ ማለት ይህ ነው። እርግጥ ለሁሉም በሽታ አይሠራም፤ በዘር ሳይሆን በአጋጣሚ የሚከሰተው የፅንስ ጉድለት ዛሬም ረቢዎችን ያከራክራል።

የእስራኤል ኮሚቴ እንዴት ይሠራል?

የእስራኤል መንግሥት ሕግ ከሃላካ የተቀዳ አይደለም፤ ግን ከሃላካ ፖለቲካ አላመለጠም። በ1977 የወጣው ድንጋጌ ፅንስ ማቋረጥን በመሠረቱ ወንጀል አድርጎ ይተወዋል፤ ከኮሚቴ ፈቃድ ውጭ የፈጸመ ሰው እስከ አምስት ዓመት ሊታሰር ይችላል፤ ሴቲቱ ራሷ ግን አትቀጣም። ኮሚቴው ሦስት አባላት አሉት፦ ሁለት ሐኪሞችና አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፤ ቢያንስ አንዷ ሴት መሆን አለባት። የሚፈቀድባቸው ምክንያቶች አራት ናቸው። ዕድሜዋ ከ18 በታች ወይም ከ40 በላይ ከሆነ፣ እርግዝናው ከጋብቻ ውጭ ወይም ከአስገድዶ መድፈር ወይም ከዘመድ ግንኙነት ከመጣ፣ ፅንሱ የአካል ወይም የአእምሮ ጉድለት ይኖረዋል ተብሎ ከተሠጋ፣ ወይም እርግዝናው የሴቲቱን ሕይወት፣ አካል ወይም አእምሮ የሚጎዳ ከሆነ። ሕጉ የሳምንት ገደብ አያስቀምጥም፤ ከ24ኛው ሳምንት በኋላ ግን ጉዳዩ ወደ ልዩ ኮሚቴ ይመራል።

አምስተኛ ምክንያት ነበር፤ የኑሮ ችግር። በ1979 የተሻረው መናኸም ቤጊን መንግሥታቸውን ለማቆም የአጉዳት እስራኤልን የሃይማኖት ፓርቲ ድምፅ ስለፈለጉ ነው። ውጤቱን ለመረዳት አንዲት ሴት እናስብ፦ ሠላሳ ዓመቷ ነው፣ ባለትዳር ናት፣ ጤነኛ ናት፣ ፅንሱም ጤነኛ ነው፣ ሌላ ልጅ የምታሳድግበት ገንዘብ ግን የላትም። ከአራቱ ምክንያቶች አንዱም እርሷን አይመለከትም። ላላገባች ሴት ክፍት የሆነው በር ለእርሷ ዝግ ነው። ቀሪው መንገድ አእምሮዬ ይጎዳል ማለት፣ ወይም እርግዝናው ከባሌ አይደለም ማለት ነው። ሁለተኛው መልስ ለኮሚቴው የሚበቃ ቢሆንም በሃላካ ዓይን ከባድ ነው፤ ዝሙት የፈጸመች ሚስት ለባሏ የተከለከለች ናትና። በሃይማኖት ፓርቲ ግፊት የተሠራ ሕግ ምእመናን ሴቶችን በሃይማኖታቸው እጅግ የሚያሳፍረውን ነገር ወደ መናገር መግፋቱ፣ ከዚህ ሕግ ተቃርኖዎች ሁሉ ጎልቶ የሚታየው ነው።

በተግባር ኮሚቴዎቹ ከሚቀርቡላቸው ማመልከቻዎች ከ98 በመቶ በላይ ያጸድቃሉ። ሕጉን የሚነቅፉ የሴቶች መብት ተከራካሪዎች ይህንኑ ቁጥር ይዘው፣ ሁሉም የሚፈቀድላቸው ከሆነ ሴቶችን ማስለመን ለምን አስፈለገ ይላሉ። ከተቃራኒው ወገን የሚቆመው ኤፍራት የሚባለው ድርጅት በበኩሉ፣ ብዙ ሴቶች ወደ ኮሚቴው የሚሄዱት ልጁን ጠልተው ሳይሆን ኪስ አጥሯቸው ነው ይላል፤ የሕፃን አልጋ፣ ጋሪ፣ የሽንት ጨርቅና ምግብ እየሰጠ እርግዝናውን እንዲቀጥሉ ያግባባል። ሁለቱ ወገኖች ሳያስቡት በአንድ ነገር ይገናኛሉ፦ በ1979 ከሕጉ የወጣው የኑሮ ችግር ከሴቶቹ ሕይወት አልወጣም። መንግሥት በ2014 ከ20 እስከ 33 ዓመት ላሉ ሴቶች ወጪውን እሸፍናለሁ ማለቱም ለዚሁ ምስክር ነው።

ፍርድ ቤት ውስጥ የገባ ሃላካ

ወደ አሜሪካ እንመለስ። ፒው የምርምር ማዕከል በ2014 ባደረገው ጥናት 83 በመቶ አሜሪካውያን አይሁድ ፅንስ ማቋረጥ በሁሉም ወይም በአብዛኛው ሁኔታ ሕጋዊ መሆን አለበት ብለዋል። የድርጅቶቻቸው ድምፅ ግን አንድ አልነበረም። ከኦርቶዶክሶቹ የላሉት የአይሁድ ሃይማኖት ክንፎች፣ የሪፎርምና የኮንሰርቫቲቭ እንቅስቃሴዎች፣ የ2022ቱን ውሳኔ አወገዙ። የእጅግ ጥብቆቹ ድርጅት፣ የአሜሪካው አጉዳት እስራኤል፣ በአንጻሩ ተቀበለው። የኦርቶዶክስ ኅብረት የሚባለው ደግሞ ልናዝንም ልንደሰትም አንችልም አለ፤ እንዳሻ ማስወረድን አይደግፍም፣ ሃላካ የሚያስገድደውን ማስወረድ የሚከለክል ሕግንም አይቀበልም። ለሩቅ ታዛቢ ይህ መሃል መስፈር ሊመስል ይችላል፤ ከላይ ያየነውን ሕግ ላነበበ ግን ከሦስቱ መልሶች ለሃላካው አሠራር ቅርብ የሆነው ይኸኛው ነው።

ቀጣዩ ውጊያ ኢንዲያና ላይ ተከፈተ። ግዛቲቱ በኦገስት 2022 ጥብቅ ክልከላ ስታወጣ ሁሲየር ጁስ ፎር ቾይስ የሚባል የአይሁድ ቡድንና ስማቸው ያልተገለጸ ሴቶች ከሰሱ። ክርክራቸው ክልከላው፣ ሃይማኖታቸው የእናትን ጤና እንዲያስቀድሙ በሚያዛቸው ጊዜ እንዳይታዘዙ ያደርጋል የሚል ነበር። የተመረኮዙት በ2015 ማይክ ፔንስ አገረ ገዥ ሳሉ የፈረሙት የሃይማኖት ነፃነት ሕግ ነው፤ ያን ጊዜ ሕጉን የደገፉት በአብዛኛው ወግ አጥባቂ ክርስቲያኖች ነበሩ። የታችኛው ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2022 ክልከላው በከሳሾቹ ላይ እንዳይፈጸም አገደ፤ የይግባኙም ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2024 ይህንኑ አጸና።

ከአይሁድ ወገን ያሉ ተቺዎች ክሱን የተቃወሙት፣ ፈቃድ ግዴታ አይደለም ብለው ነው። ለብርቱ ሥቃይ ሲባል ማስወረድ «ይቻላል» የሚል ብይን ማስወረድን ሃይማኖታዊ ትእዛዝ አያደርገውም፤ ትእዛዝ የሚሆነው የእናትየው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ነው፤ ያን ደግሞ የኢንዲያና ሕግም ይፈቅዳል ይላሉ። ከሳሾቹ መልስ አላቸው። የሐኪም ካርድ ላይ «የሕይወት አደጋ» የሚባለውና ረቢ «አደጋ» የሚለው አይገጣጠሙም፤ በተለይ የአእምሮ ጤናን የኢንዲያና ሕግ ከአደጋ ውጭ አድርጎታል። በሁለቱም በኩል ያለው ነጥብ ክብደት አለው፤ በእኔ ግምት የተቺዎቹ ስለ ፈቃድና ግዴታ ልዩነት ትክክል ነው፣ የከሳሾቹ ደግሞ ስለ አደጋ ስፋት።

የበለጠ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ክሱ የቀረበው በብዙ ሴቶች ስም ነውና ዳኞቹ አስቀድሞ ለሁሉም የሚሠራ ወሰን እንዲያሰምሩ ይጠበቃል፦ በየትኛው ሳምንት፣ በየትኛው ሕመም፣ በምን ያህል ሥቃይ። ኡዚኤል ግን የበየኑት ስለ አንዲት ሴት ሁለት ጆሮዎች ነው፤ ቀጣይዋ ስትመጣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጠይቋታል።